ስለ ስውር ምጽዋት፤ ከሁለት የዴንቨር ካቶሊካውያት ሕይወት ምን እንማራለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሳውያን ከካቶሊክ ክርስቲያን ጋር ሳንገናኝ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከእኛ መካከል በካቶሊክ ሆስፒታል ሕሙማንን ሲያስታምሙ የሚያድሩ አሉ፤ ልጆቻቸውን በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩም አሉ። ከሜክሲኮ የመጣው ጎረቤታችን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አብራን የምትሠራው የፊሊፒንስ ተወላጅ፣ አንዳንድ ጊዜም ልጃችን ልታገባው ያሰበችው ወጣት ካቶሊክ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በየቤቱና በየጽዋ ማኅበሩ «እነዚህን ክርስቲያኖች በምን ዓይን እንያቸው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አያስገርምም።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አረጋውያኑ «የሱስንዮስን ዘመን አትርሱ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ክርስቶስ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የካህናት ጉዳይ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው፤ ሁለቱም ግን ከድካም ያሳርፋሉ። የፊተኛው አሻግሮ ከማየት፣ የኋለኛው ጠልቆ ከማሰብ ያሳርፋል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናሳስብ የምንወደው፣ ጌታችን በወንጌል ያስተማረውን ሦስተኛ መንገድ ነው። ይኸውም የሃይማኖትን ልዩነት ሳይሸሽጉ የሌላውን በጎ ሥራ ማየት፣ አይቶም ራስን መመርመር ነው። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ በዚሁ በዴንቨር የኖሩ ሁለት ሴቶች ይበቁናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ትዝታችን የሚለው

አረጋውያኑ የሚያነሡት ነገር ተረት አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1626 ከሮም በተላከው ፓትርያርክ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መንበር መታዘዛቸውን በአደባባይ ካስታወቁ በኋላ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ሥርዓተ አምልኮውና አጽዋማቱም እንዲለወጡ ታዘዘ። ሕዝቡ እምቢ አለ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 በወይና ደጋ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ በጦርነት ካለቀ በኋላ ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ «ካቶሊክ» የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ጆሮ ሰይፍ የታጠቀ ቃል ሆኖ ቀረ።

ሌላም ቁስል አለ። በግንቦት 1937 የግራዚያኒ ወታደሮች በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትንና ምእመናንን ረሸኑ። ፋሽስቶች አገራችንን በወረሩበት በ1935 ወረራውን በስብከታቸው ያሞገሱ የኢጣሊያ ጳጳሳት ነበሩ፤ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ይህን የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ ሳይሆን፣ ይቅርታ በመርሳት ላይ ሊሠራ ስለማይችል ነው። ሮምም ራስዋ ይህን ተረድታ በመጋቢት 2000 ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ልጆችዋ ባለፉት ዘመናት ስለ ሠሩት በደል በጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔርን ይቅርታ ለምነዋል።

ታሪክ ግን አንድ ገጽ ብቻ የለውም። ከዚያው ከደብረ ሊባኖስ የተነሣው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሮም ገብቶ፣ ለሐበሻ መነኮሳት ማረፊያ በሆነችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀምጦ፣ በ1548ና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ መኪና አሳትሟል። በግእዝ ቋንቋ የታተመ የመጀመሪያው ሐዲስ ኪዳን ይህ ነው። እንግዲህ አንድ ገዳም ከኢጣሊያ ምድር ሁለት ነገር አየ፤ አንድ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ፣ አንድ ጊዜ ጥይት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለልጆቹ የሚነግር ታሪክን አጉድሎ ይነግራል።

ልዩነቱን አንሸሽግም

የሃይማኖታችን ልዩነት የቋንቋ ወይም የልማድ ልዩነት ብቻ አይደለም። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ አባቶቻችን ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ የሆነውን የቃልንና የሥጋን ተዋሕዶ ሲመሰክሩ ኖረዋል። በስደት ይዘነው የመጣነው ይህን ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የኬልቄዶንን ጉባኤ ትቀበላለች፤ ስለ ፖፑ ሥልጣንና ስለ ሌሎችም ነገሮች እኛ የማንቀበለው ትምህርት አላት። ስለዚህም በአንድ ጽዋ አንቆርብም። ልጆቻችን በተክሊል ሲጋቡ ሙሽራውና ሙሽራይቱ አብረው መቊረብ ስላለባቸው፣ ለጋብቻ የሚያስቡ ወጣቶች አዳራሽ ከመከራየታቸው አስቀድመው ከንስሓ አባታቸው ጋር ቢመክሩ ይገባል። ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም።

ሊቃውንት በዚህ ነገር ላይ ከመነጋገር አልቦዘኑም። ከ1971 ጀምሮ በቪየና የሁለቱ ወገን ሊቃውንት ተገናኝተው የቃላት ጠብ የቱ፣ የእምነት ልዩነት የቱ እንደሆነ ሲመረምሩ ቆይተዋል፤ በ2003 ደግሞ የሮምና የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አኀት አብያተ ክርስቲያናት የጋራ ኮሚሲዮን ተቋቁሟል። መንገዱ ግን ያለ እንቅፋት አልሄደም። ከሮም በታኅሣሥ 2023 ስለ ቡራኬ የወጣውን ሰነድ ተከትሎ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በመጋቢት 2024 ንግግሩን ማቋረጡን አስታውቋል። ይህ የአባቶች ሸክም ነው። ለአባቶች ጸሎታችንን እያቀረብን፣ የምእመን ድርሻ የሆነውን እንመልከት።

የምእመን ድርሻ ምንድን ነው? ጌታችን ሳምራዊቷን ሴት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ባነጋገራት ጊዜ ልዩነቱን አልሸፈነላትም፤ ሳምራውያን የማያውቁትን እንደሚሰግዱለት፣ መድኃኒትም ከአይሁድ ወገን እንደሆነ በግልጥ ነግሯታል (ዮሐ. 4)። ነገር ግን ሕግ አዋቂው ባልንጀራው ማን እንደሆነ በጠየቀው ጊዜ ለምሳሌ የመረጠው ካህኑን ወይም ሌዋዊውን አልነበረም፤ በመንገድ የወደቀውን ያነሣውን ሳምራዊ ነበር (ሉቃ. 10)። አንዱ አፍ ሁለቱን ተናገረ። እውነትን መናገሩ ምሕረት የሠራውን ከማመስገን አልከለከለውም፤ ማመስገኑም እውነትን ከመናገር አላገደውም። እኛም ከዚህ አልፈን አንጠበብም።

ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ በኦሮራ አጠገብ

ከእኛ መካከል ወደዚህ አገር ቀደም ብለው የመጡ በነሐሴ 1993 የሆነውን ያስታውሳሉ። ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ለዓለም ወጣቶች ቀን ወደ ዴንቨር መጥተው፣ በሪጂስ ዩኒቨርሲቲ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር ተገናኝተው፣ በመጨረሻም በኦሮራ አጠገብ በሚገኘው በቼሪ ክሪክ መናፈሻ ሌሊቱን በጸሎት ለተጉ ወጣቶች ቀድሰው ነበር። በዚያች ዕለት የተሰበሰበው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ተገምቷል። ብዙዎቹ ከዴንቨር መካከል ተነሥተው በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ። በዚያው ወቅት በከተማዪቱ የወጣት ወንበዴ ቡድኖች ተኩስ በርክቶ ጋዜጦች ወቅቱን የዐመፅ በጋ ብለው ሰይመውት ስለ ነበር፣ ወጣት ይመጣል ብሎ ያልጠበቀ ሰው ብዙ ነበር።

የቅዳሴያቸው ዕለት ነሐሴ 15 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ነበረች። እነርሱ የእመቤታችንን ዕርገት ሲያከብሩ እኛ በጾመ ፍልሰታ መካከል ነበርን። አንዲቱን እናት እነርሱ በበዓል፣ እኛ በሱባኤ ስናከብር በአንድ ከተማ ሰነበትን።

ታላቅ ጉባኤ መልካም ነው። እኛም በጥምቀትና በመስቀል ከያለንበት ተሰብስበን አደባባይ ስንሞላ ልባችን ይሞቃል፤ ልጆቻችንም ብቻቸውን እንዳልሆኑ ያያሉ። ነገር ግን ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሕዝቡ ይበተናል፤ በማግሥቱም ሰኞ ነው። ሃይማኖት በዘመናዊው ዓለም የሚፈተነው በሰኞ ነው። ስለዚህ ካቶሊካዊት ዴንቨር ለእኛ ያላትን ትልቁን ትምህርት በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ አንፈልገውም፤ ከዚያ 75 ዓመት አስቀድሞ በሞተች በአንዲት አሮጊት ዘንድ ነው የምናገኘው።

በጨለማ የተጎተተች ጋሪ

ጁሊያ ግሪሊ በሚዙሪ ግዛት ሃኒባል በተባለች ከተማ በባርነት የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። የተወለደችበትን ዓመት የጻፈላት አልነበረም። ሕፃን ሳለች የባሪያ ጌታ እናቷን በጅራፍ ሲገርፍ ጅራፉ እርስዋን አግኝቷት አንድ ዓይኗን አጠፋው። ያ ዓይን ዕድሜ ልኳን ዕንባ ያፈስስ ስለ ነበር በመሐረብ እየጠረገችው ትሄድ ነበር። ባርነት ከተሻረ በኋላ የኮሎራዶ የመጀመሪያው አገረ ገዥ የነበረው የዊሊያም ጊልፒን ቤተ ሰብ አገልጋይ ሆና ወደ ዴንቨር መጣች፤ በሰኔ 1880 በልበ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊክ ሆነች። ከዚያ በኋላ በሰው ቤት እየጠረገችና እያበሰለች፣ በወር አሥርና አሥራ ሁለት ዶላር እያገኘች ኖረች።

ከዚያች ገንዘብ የሚተርፋትን፣ ሳይተርፋትም ለምና የምታገኘውን፣ ምግብ፣ ከሰል፣ ልብስና የሕፃናት ጫማ እየገዛች ለድኾች ትሰጥ ነበር። ሸክሙንም በአንዲት ቀይ ጋሪ እየጎተተች ታደርስ ነበር። ልብ የምንለው ግን የምትሰጥበትን ሰዓት ነው። ከምትረዳቸው ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ነጮች ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ ነጭ ከጥቁር ሴት እጅ እርዳታ ሲቀበል ቢታይ ጎረቤቱ ይንቀዋል፤ እርሱም ያፍራል። ጁሊያ ይህን ታውቅ ነበር። ይህን ንቀት መጠየፍ፣ መቆጣትም መብቷ ነበር። እርስዋ ግን ጨለማ እስኪሆን ጠብቃ፣ በጓሮ መንገድ ጋሪዋን እየጎተተች፣ አንዳንድ ጊዜም ፍራሽ በጀርባዋ ተሸክማ ትሄድ ነበር። የሚያፍሩባት ሰዎች እንዳያፍሩ ራስዋን ሸሸገች።

ምእመናን፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ምጽዋት መስጠት አንድ ነገር ነው። የተቀባዩን ክብር ከራስ ክብር አስበልጦ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ጁሊያ የሰጠችው ከሰልና ጫማ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ዓይኗ የድኻውን ዕፍረት ማየት ቻለች፤ ያንንም ዕፍረት በገዛ ጉልበቷ ከፈለች።

ደግሞም በየወሩ በከተማው ያሉትን የእሳት አደጋ ጣቢያዎች በእግሯ እየዞረች የጸሎት ወረቀት ለሠራተኞቹ ታድል ነበር። ካቶሊክ የሆነውንና ያልሆነውን አትለይም ነበር። በሰኔ 7 ቀን 1918 ባረፈች ጊዜ አስከሬኗ በቤተ ክርስቲያን በተቀመጠበት ሰዓት ሀብታሙም ድኻውም፣ ነጩም ጥቁሩም ለስንብት ተሰለፈ። ብዙዎች ማን እንደ ረዳቸው እርስ በርሳቸው የተነጋገሩት ያን ጊዜ ነበር። የዴንቨር ሊቀ ጳጳስ በ2016 የቅድስናዋን ጉዳይ በሥርዓታቸው መሠረት እንዲመረመር ከፈቱ፤ በ2017 ደግሞ ዐፅሟ በኮልፋክስ ጎዳና ዳር ወደሚገኘው ካቴድራል ፈለሰ። በዚያ ጎዳና ታክሲ የሚነዳ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ ሱቅ የከፈተ ወገናችን ስንት ነው! በባርነት የተወለደች አፍሪካዊት ልጅ በዚያ እንዳረፈች ግን የሚያውቅ ብዙ አይመስለንም።

የስደተኞች እናት

ሁለተኛዪቱ ፍራንቼስካ ካብሪኒ ናት። በ1850 በሰሜን ኢጣሊያ የተወለደችው ይህች መነኲሲት ለስብከት ወደ ቻይና ለመሄድ ትመኝ ነበር። ፖፕ ሊዮን 13ኛ ግን ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ምዕራብ፣ በአሜሪካ በችግር ወደሚኖሩት ኢጣሊያውያን ስደተኞች እንድትሄድ አዘዝዋት። በ1889 ኒውዮርክ ገባች፤ በ1902 ደግሞ ወደ ዴንቨር መጥታ ለስደተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1905 የሴቶች ልጆች ማሳደጊያ አቋቋመች። የማዕድን ቆፋሪዎቹን ችግር ለማወቅ ከሥር ድረስ ወርዳ ትጐበኛቸው ነበር።

ከዴንቨር በስተ ምዕራብ በጎልደን ከተማ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ ለልጆቹ ማረፊያ የሚሆን መሬት ገዝታ ነበር፤ ውኃ ግን አልነበረውም። በ1912 መነኲሲቶቹ በውኃ ጥም በተቸገሩ ጊዜ አንድ ድንጋይ አንሥተው እንዲቆፍሩ እንዳዘዘቻቸውና ምንጭ እንደ ፈለቀ ይነገራል፤ ምንጩ ዛሬም ይፈስሳል። ጠበል ያሳደገው የእኛ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ካብሪኒ በታኅሣሥ 1917 በቺካጎ አረፈች። በ1946 በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ቅድስት ተብላለች፤ ከአሜሪካ ዜጎች መካከል ለዚህ የመጀመሪያዋ ናት። በ1950 ደግሞ የስደተኞች ጠባቂ ተብላ ተሰየመች። የኮሎራዶ መንግሥትም በ2020 የኮሎምቦስን በዓል ሽሮ የመጀመሪያውን የጥቅምት ሰኞ በስሟ የዕረፍት ቀን አደረገው። አገሯን ያስጠራችው አህጉር አገኘሁ ያለው መርከበኛ ተሽሮ፣ የስደተኛ ልጅ ፊደል ያስቈጠረችው ተተካች።

እነዚህን ሁለት ሴቶች በስንክሳራችን አናነባቸውም፤ ታቦትም አንቀርጽላቸውም። ይህ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሳምራዊውን ያመሰገነው ጌታ እነርሱን አይተን ራሳችንን እንድንጠይቅ አይከለክለንም። አንዲቱ ያለ ስም ሰጠች፤ ሁለተኛዪቱ የሰው አገር ልጆችን አሳደገች። በስደት ያለች ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የሚቀርባት ምን ጥያቄ ሊኖር ይችላል?

ዘመናዊው ዓለም የሚሰርቀን

ብዙ ሰው ዘመናዊው ዓለም ሃይማኖትን የሚያጠፋው በክሕደት መጻሕፍት ይመስለዋል። እኛ በዚህ ከተማ የምናየው ሌላ ነው። ዘመናዊው ዓለም መጀመሪያ የሚወስደው ሰዓታችንን ነው። ባል በሌሊት፣ ሚስት በቀን ይሠራሉ፤ ልጅ ቁልፍ ይዞ ብቻውን ቤት ይገባል። የቤት ኪራይ ይጨምራል፤ ሁለተኛ ሥራ ይታከላል፤ ከዚያ ጾሙ፣ ከዚያ ኪዳኑ፣ ከዚያ ጉርብትናው አንድ በአንድ ይቀራሉ። ሳንክድ ባዶ እንሆናለን። ካብሪኒን ወደዚህ አገር የላኩት ፖፕ ሊዮን 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች መብት ያወጡት ደብዳቤ ይህንኑ የፋብሪካ ዘመን ጭንቀት የተመለከተ ነበር። በግንቦት 2025 የተመረጡት ፖፕ ሊዮን 14ኛም ያንን ስም የመረጡት፣ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ሥራና ክብር ላይ የሚያመጣውን ጥያቄ አስበው መሆኑን ተናግረዋል። የሥራ ጥያቄ የሃይማኖት ጥያቄ መሆኑን ሮም ማየቷ ትክክል ነው፤ ለታክሲ ነጂውና ለአስታማሚዋ የምናስብ እኛም ልናየው ይገባናል።

ሁለተኛ፣ ዘመናዊው ዓለም ሁሉን ነገር ለእይታ ያቀርባል። ምጽዋትም ከዚህ አላመለጠም። በየማኅበረ ምእመናኑ የለጋሾች ስም ከነገንዘቡ መጠን በድምፅ ማጉያ ሲነበብ፣ ብዙ የሰጠው ሲጨበጨብለት፣ ጥቂት የሰጠችው መበለት አንገቷን ስትደፋ ይታያል። ሕንፃ ለማሠራት ይህ ልማድ ይረዳ ይሆናል፤ ለዚያም ቢሆን የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ጌታችን በምን ሚዛን እንደ መዘነ ማስታወስ ይጠቅማል። ለችግረኛ በሚሰጠው ላይ ግን ከዚህ የባሰ ነገር አለ። የታመመው ወንድማችን፣ ባሏ የሞተባት እኅታችን ፎቶግራፋቸው በጎ ፈንድ ሚ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። በዚህ መንገድ የብዙ ወገን አስከሬን አገሩ ገብቷል፤ ብዙ ወላጅ አልባ ልጅም ረድኤት አግኝቷል፤ መልካም ሥራ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ችግሩን ለዓለም ሳያሳይ እንጀራ የማያገኝ ሰው በመካከላችን ካለ፣ የክርስቶስ ማኅበር መሆናችን በምን ይታወቃል? በዕፍረት ምክንያት ሳይናገር በመኪናው የሚያድር ወገን ቢኖር፣ ችግሩን የሚያይለት ዓይን የማን ነው?

ከገዛ ቤታችን

እዚህ ላይ «ታዲያ ካቶሊኮችን ምሰሉ ማለታችሁ ነውን?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። ጁሊያ ግሪሊ ያደረገችውን የእኛ መጻሕፍት ከእርስዋ አስቀድመው ያውቁታል። ጌታችን በተራራው ስብከት ምጽዋት ስንሰጥ መለከት እንዳናስነፋ፣ ቀኝ እጅ የሚያደርገውንም ግራ እጅ እንዳያውቅ አዝዟል። በታኅሣሥ 10 በስንክሳራችን የምንዘክረው የሜራው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ፣ በድኽነት ምክንያት ሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊረክሱበት የደረሱትን ሰው በሌሊት በመስኮት ወርቅ እየጣለ ታድጓል። ኒቆላዎስ ከኬልቄዶን በፊት የነበረ አባት ነው፤ የእኛም የእነርሱም ነው። በሌሊት የሚሰጥ እጅ ከመለያየታችን በፊት የነበረ ርስት ነው እንጂ የማንም የብቻ ገንዘብ አይደለም። እንግዲህ በኮሎራዶ በረዶ ላይ የሄደችው ቀይ ጋሪ የምታስታውሰን የተረሳውን የራሳችንን ነው።

አባቶቻችንም ለዚህ መሣሪያ ትተውልናል። ጽዋና ሰንበቴ የተሠሩት ጠላና ዳቦ ለመቅመስ ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደ ጎደለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ የሚታወቅባቸው ነበሩ። ይህን በዴንቨርና በኦሮራ ሁኔታ መሥራት ይቻላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ስም የማይጻፍበት የተዘጋ ሣጥን ይኑር፤ ካህኑ ከሁለት ምስጢር ጠባቂ አረጋውያን ጋር ይክፈተው፤ ለማን እንደ ተሰጠ በጉባኤ አይነበብ፤ ሒሳቡ በጠቅላላ ድምር ብቻ ይገለጥ። የሌሊት ሥራ የሚሠሩ ወንድሞች ከሥራ ሲመለሱ እህሉን ከደጅ ያድርሱ። መኪናቸው የእነርሱ ጋሪ ናትና። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችን ለቅዳሴና ለሐኪም የሚያደርስ፣ አዲስ ለመጣው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት የሚሞላለት ሰው ከየአጥቢያው ይመደብ። የካብሪኒን ፈለግ ማየት የሚሻ ደግሞ ቅዳሜ ለቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሰጥቶ ልጆቻችንን ፊደል ያስቈጥር፤ ሒሳብም ያስጠናቸው። ብዙ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን የሚርቀው ክርክር ተሸንፎ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን የሚሠራው ሥራ አጥቶ ነው።

ምጽዋታችን በወገን አጥር ብቻ አይታጠር። ከ2022 መጨረሻ እስከ 2024 ከ40 ሺህ በላይ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ከቬንዙዌላ፣ ወደ ዴንቨር ገብተዋል። በየመንገዱ መብራት ሥር የመኪና መስታወት ሲያብሱ አይተናቸዋል። ከእነርሱ መካከል ካቶሊኮች ብዙ ናቸው። ከተሞቻችን ስለ እንግዳ ወዳጅነት ወረቀት ተፈራርመዋል፤ ዴንቨር ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እኅት ናት፤ ኦሮራም ከአዳማ ጋር ተዛምዳለች። የከተማ እኅትነት በከንቲባ ፊርማ ይጸናል። የክርስቲያን ባልንጀርነት ግን በእኛ ደጅ ካልተፈጸመ የትም አይፈጸምም። በሱዳን ሰፈሮች፣ በኬንያ መጠለያዎች ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ የሰው እጅ የተቀበልን ሕዝብ ነን፤ የሰጪውንም መዝገብ አልመረመርንም።

አንድ ነገር እንጨምርና እንጨርስ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የራሳችን ሲኖዶስ በሁለት ተከፍሎ፣ በአንድ ከተማ የምንኖር የአንድ ጥምቀት ልጆች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰን ነበር። በሐምሌ 2018 በዋሽንግተን ዕርቅ ወርዶ በእግዚአብሔር ቸርነት መቀራረብ ሆነ። ያ ዘመን ያስተማረን ሊረሳ አይገባም። በገዛ ቤታችን ያለውን መለያየት ለማዳን ይህን ያህል ዓመት ከፈጀብን፣ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የቆየውን ልዩነት በአንድ ሻይ ግብዣ እንፈታዋለን ብለን አንታለል፤ በስድብም አናክፋው። ለሰማይ የሚሆነውን ለሰማይ ትተን፣ በምድር የተሰጠንን ሥራ እንሥራ።

እንግዲህ ልጃችሁ «እናቴ ሆይ፣ ካቶሊኮች ምንድን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ የተዋሕዶን ምስጢር በሚገባው መጠን አስተምሩት፤ የወይና ደጋንና የደብረ ሊባኖስን ታሪክ አትደብቁበት፤ የአባ ተስፋ ጽዮንንም ንገሩት። ከዚያ ወደ ኮልፋክስ ወስዳችሁ የዚያችን አንድ ዓይና ሴት መቃብር አሳዩት። ማታ ሲመሽ ደግሞ አንድ ከረጢት እህል አሸክማችሁት፣ ስሙን ከማትነግሩት ጎረቤት ደጅ አብሯችሁ ይሂድ። አንኳኩቶ ሳይታይ መመለስን ይልመድ። ከስብከታችን ሁሉ ይህ ትምህርት ዘለግ ላለ ጊዜ በልቡ ይኖራል።

በስውር የሚያይ አባት ስውር ሥራችንን ይቀበልልን፤ የተለያዩትን በፈቃዱ አንድ ያድርግ፤ አገራችንን በሰላም፣ በስደት ያለውን ሕዝብ በሃይማኖትና በምግባር ይጠብቅልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።